ጄኔራል ጃገማ ኬሎ፦ ከጊንጪ ጫካ እስከ ባሌው ድርድር

ሌተናል ጄኔራል ጃገማ ኬሎ በብዙዎች ዘንድ የሚታወቁት «የበጋው መብረቅ» በሚለው የአርበኝነት ስማቸው ነው። ከጦር ሜዳ ጀግንነታቸው ባልተናነሰ ሊታወስ የሚገባው ግን በ1962 ዓ.ም. የባሌ ገበሬዎች አመጽ በድርድር እንዲበርድ ያደረጉት አስተዋጽኦ ነው። የአመጹ መነሻ መሬትና ግብር በመሆኑ ታሪኩ ለዛሬው አርሶ አደርም ቅርብ ነው።

ከደፈጣ ወደ መደበኛ ጦር

ጃገማ በ1913 ዓ.ም. ጊንጪ አቅራቢያ ዩብዶ በተባለ ስፍራ ከባለ ርስት ቤተሰብ ተወለዱ። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ ዕድሜያቸው ገና 15 ነበር። ጥቂት ተከታዮች ይዘው ጫካ ገቡ፤ እስከ 1933 ዓ.ም. በጅባትና ሜጫ ምድር ተዋጉ።

የደፈጣ ውጊያ ስንቅ የሚያቀብል፣ የጠላትን እንቅስቃሴ የሚጠቁምና ቁስለኛን የሚሸሽግ የገጠር ሕዝብ ከሌለው አይዘልቅም። ወጣቱ አርበኛ አምስት ዓመት የዘለቁት በገበሬው ጎተራና በገበሬው ምስጢር ጠባቂነት ነው። ከነጻነት በኋላ በመደበኛው ጦር አገልግለው እስከ ሌተናል ጄኔራልነት ደረሱ፤ ኒሻንና ሜዳሊያም ተሸለሙ።

የባሌ ገበሬ ለምን አመጸ?

በዘመኑ ሕግ መሬት በጋሻ ይለካ ነበር፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው። የተለካው መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ይመደባል፤ ግብሩም በምድቡ ልክ ይጣላል። ስለዚህ የመዳቢው ውሳኔ የአንድን ቤተሰብ ኑሮ ይወስን ነበር። ጠፍ መሬት ለም ተብሎ ከተመዘገበ ገበሬው ያላመረተውን ይከፍላል። ግብር የተወዘፈበት መሬት ይወረሳል፤ የአርብቶ አደሩ ግጦሽም የመንግሥት መሬት ይባላል።

በዚህ ላይ የሹማምንት ጉቦና በደል ተጨመረ። በ1955 ዓ.ም. በኤል ከሬ የተቀጣጠለው አመጽ በዋቆ ጉቱ መሪነት ወደ ደሎ ተስፋፋ። ዓማፅያኑ ከሶማሊያ የጦር መሣሪያ ያገኙ ነበር። መንግሥት እግረኛ ጦርና አየር ኃይል ቢያዘምትም ውጊያው ዓመታት ፈጀ።

ድርድሩና ያልተፈታው ጥያቄ

ጄኔራል ጃገማ የጦር ኃይሉን ከድርድር ጋር አጣመሩ። አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ በመሆናቸው ከአገር ሽማግሌዎችም ሆነ ከገበሬው ጋር ያለ አስተርጓሚ መነጋገር ይችሉ ነበር። ራሳቸው የደፈጣ ተዋጊ ስለነበሩም ጫካ የገባ ሰው ምን እንደሚያስፈራውና ምን እንደሚያግባባው ያውቃሉ። ዋቆ ጉቱ በመጋቢት ወር 1962 ዓ.ም. እጃቸውን ሰጡ።

ጠመንጃው ጸጥ አለ፤ የመሬቱ ጥያቄ ግን መልስ አላገኘም። አንድ የጦር አዛዥ ቂምን ሊያበርድ ይችል ይሆናል፤ የተዛባ የመሬት ምደባን ማረምና የተወረሰ ማሳን መመለስ ግን ሕግና አስተዳደር ይጠይቃል። የባላባት ሥርዓት በሕግ የተሻረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ባደረገው አዋጅ ነው።

ጄኔራሉ በ2009 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው አርፈዋል። የባሌው ሥራቸው ሁለት ቁም ነገር ያስገነዝባል፦ ቅሬታ ያለውን ገበሬ ማነጋገር ደም ያድናል፤ ዘላቂ ሰላም የሚገኘው ግን መጀመሪያ ጫካ ያስገባው በደል ሲታረም ነው።