ያውቁ ኖሯል? ውቅያኖስ ዊተን ድረስ ይመጣል!

በዋሽንግተን አቅራቢያ ባለችው በዊተን የሚገኘው የሜትሮ ጣቢያ ተንቀሳቃሽ ደረጃ 70 ሜትር እንደሚረዝም ያውቁ ኖሯል? በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ አቻ የለውም! ቁልቁል የሚያወርደው 35 ሜትር ነው። የታላቁ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ አማካይ ጥልቀትስ ስንት ይመስልዎታል? ስድስት ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም! በየማለዳው ወደ ሥራ ሲሄዱ የዚህን አምስት እጥፍ ይወርዳሉ!

ለልጅዎ የባሕር ሳይንስ ሰመር ካምፕ ሲፈልጉ «ባሕር የት አለና?» ብለው ነበር? ከደጅዎ አለ! ዊተን ብራንች የምትባለዋ ትንሽ ጅረት ስላይጎ ክሪክ ትገባለች። ስላይጎ ወደ ኖርዝዌስት ብራንች፣ እሱ ወደ አናኮስቲያ፣ አናኮስቲያ ወደ ፖቶማክ፣ ፖቶማክ ወደ ቼሳፒክ፣ ቼሳፒክ ወደ አትላንቲክ! ዊተን መንገድ ላይ የተጣለ የከረሜላ ወረቀትም ዝናብ ከወሰደው ጉዞው ይኸው ነው።

በተቃራኒው ከውቅያኖስ ወደ እኛ የሚመጣም አለ! ኢል የሚባለው እባብ መሳይ ዓሣ የሚፈለፈለው በሩቁ የሳርጋሶ ባሕር ነው። ሕፃን ሳለ ገላው ወዲያ ማዶ ያሳያል! ከዚያ ተነሥቶ እስከ አናኮስቲያ ይዘልቃል፤ ዓመታት ኖሮ እንቁላሉን ለመጣል እዚያው ሳርጋሶ ይመለሳል፤ እዚያው ይሞታል። እንቁላሉን ሲጥል በዓይኑ ያየ ሰው እስከ ዛሬ የለም!

10 ዓይን ያለው እንስሳ ነክተው ያውቃሉ? በአንዳንድ የባሕር ሳይንስ ካምፖች የመዳሰሻ ገንዳ ውስጥ ሕፃናት የሚደባብሱት የፈረስ ኮቴ ሸርጣን 10 ዓይን አለው! ስሙ ሸርጣን ይሁን እንጂ የሥጋ ዘመዶቹ ሸረሪትና ጊንጥ ናቸው። ዘሩ ከዳይኖሰሮች በፊት ነበረ፤ ዳይኖሰሮች ጠፉ፣ እሱ አለ! ሹል ጭራው ያስፈራል እንጂ አይናደፍም፤ ሲገለበጥ ራሱን የሚያቃናበት ነው። ደሙ ሰማያዊ ነው! መዳብ ስላለበት። ከሁሉ የሚገርመው ግን ይህ ነው፦ ክትባትና የመርፌ መድኃኒት ከባክቴሪያ መርዝ የጸዳ መሆኑ ለአሥርተ ዓመታት ሲፈተሽ የኖረው በዚህ ደም ነው! ልጅዎ በክንዱ የተወጋው ክትባት ሳይቀር የዚህ ፍጡር ባለውለታ ሊሆን ይችላል!

የቼሳፒክን ሰማያዊ ሸርጣን ገልብጠው ሆዱን አይተው ያውቃሉ? በወንዱ ሆድ ላይ የዋሽንግተን ሐውልት ቅርጽ ይታያል! ለአካለ መጠን በደረሰችው ሴት ሆድ ላይ ደግሞ የካፒቶል ጉልላት! የሴቷ መቆንጠጫ ጫፉ ቀይ ነው፤ ጥፍሯን የተቀባች ነው የምትመስለው! ካምፕ የዋለ የአምስት ዓመት ሕፃን ማታ ይህን ለአያቱ ያስረዳል። ቤትዎ ሸርጣን አይበላ ይሆናል፤ መመልከቱን ግን የከለከለ የለም!

የባሕር ፈረስ በቼሳፒክ ውስጥ እንደሚኖር ያውቁ ኖሯል? የሚያረግዘው አባትየው ነው! የሚወልደውም እሱ!

ኦይስተር በቀን እስከ 190 ሊትር ውኃ ያጣራል! ብዙዎቹ ወንድ ሆነው ይጀምሩና ሴት ይሆናሉ!

ጄሊፊሽ አንጎል የለውም፤ ልብ የለውም፤ አጥንት የለውም! ግን ይኖራል፣ ያድናል፣ ይናደፋል!

በምድር ከሚመረተው ኦክስጅን ግማሽ ያህሉ ከባሕር ይወጣል! አብዛኛውን የሚያመርቱት በዓይን የማይታዩ ተንሳፋፊ ሕያዋን ናቸው። ሕፃናት አንዲት ጠብታ ውኃ በማይክሮስኮፕ ሲያዩ የሚጮኹት ወደው አይደለም!

እ.ኤ.አ. በ2019 ፖቶማክ ውስጥ የዱር ዶልፊን ስትወልድ ታይታለች! የሚያጠኗቸው ተመራማሪዎች ለዶልፊኖቹ የፕሬዚዳንቶችን ስም ያወጡላቸዋል!

በ1994 ደግሞ ማናቲ የሚባል ግዙፍ የባሕር እንስሳ ከፍሎሪዳ ዋኝቶ ቼሳፒክ ደረሰ። ቼሲ ብለው ሰየሙት። ብርዱ እንዳይገድለው በአውሮፕላን ወደ አገሩ መለሱት! በዓመቱ ተነሥቶ ዋኘ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሮድ አይላንድ ደረሰ!

የሻርክ ጥርስ ከባሕር ዳር ለቅሞ ኪሱ የከተተ ልጅ አይተዋል? ከዊተን በመኪና ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ የካልቨርት ገደሎች አሉ። ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 20 ሚሊዮን ዓመት ነው! ሜጋሎዶን የተባለው የጠፋ ሻርክ ጥርስ እዚያ ይገኛል። ዳርቻው ላይ የወደቀውን ያገኘ ልጅ ይዞት ቤቱ ይገባል! ገደሉን መቆፈር ግን ክልክል ነው፤ ይናዳል።

የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር፣ ኖአ፣ ዋና ዋና ቢሮዎቹ ሲልቨር ስፕሪንግ መሆናቸውን ያውቁ ኖሯል? ክትፎ ከሚበሉበት ምግብ ቤት ተነሥተው በእግርዎ ይደርሳሉ! ይህን መሥሪያ ቤት የመሩት ካትሪን ሳሊቫን በ1984 በጠፈር የተራመዱ የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ናቸው። በ2020 ደግሞ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደው ከውቅያኖስ እጅግ ጥልቅ ወለል ደረሱ! ሁለቱንም ያደረገ ሰው ከእሳቸው በፊት አልነበረም!

የባሕር ሥነ ሕይወት ሊቋ ራቸል ካርሰንም «ጸጥ ያለው ፀደይ» የተባለውን ዓለምን ያነቃነቀ መጽሐፋቸውን የጻፉት እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው! በ1962 ታተመ።

አገር ቤትስ? ለአዲስ አበባ ሕንፃዎች ሲሚንቶ የሆነው የሙገር የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የባሕር ወለል ነበር! በአፋር በረሃ ዳር የደረቀ ኮራል አለ፤ ቀይ ባሕር ገብቶበት የወጣበት ምልክት! ባሕር ዳር ደግሞ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የመርከብ መሐንዲሶችን ታሠለጥናለች! ወደብ የሌላት አገር ልጆች የዓለምን መርከቦች ሞተር ያሽከረክራሉ! ይህን ለልጅዎ ይንገሩት፤ እኔ ከዚህ ሁሉ የምወደው ይህን ታሪክ ነው።

የካምፑ ወጪ ከበደዎት? በዋሽንግተን የስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም መግቢያው ነፃ ነው! 14 ሜትር ገደማ የሆነች የዓሣ ነባሪ ቅርጽ ጣሪያው ላይ ተንጠልጥላ ትጠብቅዎታለች። ፊኒክስ ትባላለች። በእውኑ ባሕር ውስጥ የሚኖሩት የዝርያዋ ዓሣ ነባሪዎች 400 እንኳ አይሞሉም!

ትልቁ ልጅዎ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤት ነው? ለመመረቅ 75 ሰዓት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ይጠበቅበታል። ትንሹ ካምፕ ሲውል ትልቁ ረዳት መሆን ይችል እንደሆነ ይጠይቁ! ብሩክሳይድ የተፈጥሮ ማዕከል እዚሁ ዊተን ፓርክ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ይጀምሩ። የሰመር ካምፕ ምዝገባ የሚከፈተው ገና ካፖርት ሳይወልቅ ነው፤ ቦታውም ቶሎ ይሞላል። ቀኑን ከአሁኑ ይወቁ፣ ልጅዎን ያስመዝግቡ፣ ትርፍ ካልሲም አይርሱ!