የሕፃናት መምህርና ወላጅ ሊነጋገሩ እንደሚገባ

ሕፃን ልጅ በየቀኑ በሁለት ቤት ያድጋል። ማለዳ ከእናቱ ቤት ተነሥቶ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ቀን ደግሞ ከትምህርት ቤት ተነሥቶ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል። በእናቱ ቤት የሆነውን መምህሩ አያይም፤ በትምህርት ቤት የሆነውንም እናቱ አታይም። ሁለቱንም የሚያየው ሕፃኑ ብቻ ነው፤ እርሱ ግን ያየውን አስተካክሎ ለመናገር ገና አንደበቱ አልጠናም። የአሥር ዓመት ልጅ ራሱን ቢያመው አመመኝ ብሎ ይናገራል፤ የአራትና የአምስት ዓመት ሕፃን ግን ሆዱን እያመመው ይነጫነጫል እንጂ የሚነጫነጭበትን ምክንያት አይገልጽም። ስለዚህ ሕፃኑ ሊናገረው ያልቻለውን ነገር ሁለቱ አሳዳጊዎቹ፥ ወላጅና መምህር፥ እርስ በርሳቸው ሊነጋገሩበት ይገባል። ይህ ንግግር ለምን እንደሚያስፈልግና እንዴት እንደሚደረግ ከዚህ ቀጥሎ ይገለጻል።

ስለ ቀድሞው ልማድ

በቀድሞ ዘመን ልጅ ፊደል የሚቆጥረው በደብሩ ቅጥር ወይም በየኔታ ደጅ ነበር። አባት ልጁን ይዞ ሄዶ ለየኔታ ያስረክባል፤ «ቀጥተው ያስተምሩልኝ» ብሎም አደራ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ስለ ልጁ እንነጋገር ብለው ቀጠሮ አይቀጣጠሩም ነበር። ነገር ግን የኔታ የዚያው አጥቢያ ሰው ስለሆነ በቅዳሴ፥ በማኅበር፥ በተዝካር፥ በልቅሶም ከልጁ አባት ጋር ሳይገናኝ ብዙ ቀን አይቈይም ነበር። በተገናኙም ጊዜ ስለ ዝናቡና ስለ እህሉ ሲጫወቱ የልጁም ነገር በመካከል ይነሣል። ልጁ ዳዊት በደገመ ጊዜ ወላጅ እንደ ዐቅሙ ደግሶ መምህሩን ያከብራል፤ በሙስሊሙም ዘንድ ልጁ ቁርኣን ባኸተመ ጊዜ እንዲሁ ይደረግ ነበር። ድግሱ ለመብልና ለመጠጥ ብቻ አልነበረም፤ ወላጅና መምህር በአንድ ማዕድ ተቀምጠው ስለ አንድ ልጅ ደስ የሚላቸው ቀን ነበር።

ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፥ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በአንድነት ስለ ሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ፤ ከአራቱም ምሰሶዎቹ አንዱ የወላጆች ትምህርት ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣውም የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከአንደኛ ክፍል በፊት የሁለት ዓመት ትምህርት እንዲኖር ይደነግጋል። በዚህም ምክንያት በየገጠሩ ትምህርት ቤት ለትንንሾች ሕፃናት ክፍል ተከፍቷል። መምህሩ ወይም መምህርቱ ግን ብዙ ጊዜ ከሌላ ስፍራ ተመድበው የመጡ ናቸው። ሕፃናቱም ከልዩ ልዩ ጎጥ ይሰበሰባሉ፤ በአንድ ክፍልም ብዙ ሆነው ይማራሉ። ወላጅ መምህሩን በስም እንኳ ሳያውቀው ዓመቱ ያልፋል። የቀድሞው ንግግር ከኑሮ ጋር በራሱ የሚመጣ ነበር፤ የዛሬው ግን ታስቦ ካልተደረገ አይመጣም።

ዝምታ ስለሚያመጣው ጉዳት

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። የአምስት ዓመት ልጅ በክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጧል እንበል። መምህርቱ ስሙን ስትጠራ አይመልስም። ተነሡ ሲባል ሌሎቹ ከተነሡ በኋላ ወዲያና ወዲህ አይቶ ይነሣል። መዝሙር ሲዘመር ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል እንጂ ቃሉን አያወጣም። መምህርቱም ልጁ እልከኛ ነው ብላ ታስባለች፤ ሁለት ሦስት ጊዜም በጓደኞቹ ፊት ትገሥጸዋለች። ልጁም ከዚያ በኋላ ጨርሶ ዝም ይላል። በቤት ደግሞ እናቱ የልጅዋ ጆሮ መግል እንደሚይዝና ሌሊት ትራሱን እንደሚያበላሽ ታውቃለች። ይህ የቤት ነገር እንጂ የትምህርት ነገር ስላልመሰላት ለመምህርቱ አልነገረችም።

ሁለት ወር ካለፈ በኋላ መምህርቱና እናቱ በገበያ ቀን በመንገድ ተገናኙ። መምህርቱ «ልጅዎ እልኸኛ ሆነብኝ» አለቻት። እናትየውም «ኧረ እልኸኛስ አይደለም፤ ጆሮው እየመገለ ነው፤ ከቤትም ቢሆን ካልጮኹለት አይሰማም» ብላ መለሰች። መምህርቱ ደንግጣ «ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?» ብትላት፥ «እርስዎስ መቼ ጠየቁኝ?» አለቻት።

በዚያ መንገድ ላይ የተደረገው ንግግር ከደቂቃዎች አልበለጠም፤ የልጁን ነገር ግን ለወጠው። መምህርቱ በማግስቱ ልጁን ከፊት አስቀመጠችው፤ ስትናገረውም ፊቷን ወደ እርሱ መልሳ ሆነ። እናቱም በቀበሌው ወዳለው ጤና ኬላ ወሰደችው፤ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ ተላከ። ጆሮው እየደረቀ ሄደ። ሆኖም ሁለት ወር ሙሉ ያልሰማው ትምህርትና በጓደኞቹ ፊት ያፈረው እፍረት በአንድ ቀን የሚመለስ አልሆነም።

የሚመግል ጆሮ የልጅን መስማት እንደሚቀንስ በሕክምና የታወቀ ነው። መግሉ 14 ቀንና ከዚያ በላይ ከቈየ ሥር የሰደደ ሕመም ተብሎ ይቈጠራል። በዚህ ጊዜ ቅቤም ሆነ ዘይት ወይም የቅጠል ጭማቂ በጆሮ ውስጥ ማፍሰስ አይገባም፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ለተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ማሳየት ይገባል እንጂ። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው የአገር ምሳሌ በሸንጎና በጠብ ጊዜ መልካም ምክር ነው። በሕፃን ነገር ግን ዝምታም ይነቅዛል። ይልቁንም ለዚህ የሚስማማው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ነው።

ወላጅ ለመምህር ሊነግረው የሚገባ

ወላጅ ልጁን በመጀመሪያ ሲያስገባ የልጁን ጠባይና ጤንነት ለመምህሩ ሊያስታውቅ ይገባል። ጆሮው የሚመግል፥ ዓይኑ የሚያሳክከውና የሚያለቅስ፥ የሚጥል በሽታ ያለበት እንደ ሆነ ሳይደብቅ ይናገር። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ በክፍል ቢወድቅ፥ ያልተነገረው መምህር ከድንጋጤው የተነሣ የሚያደርገውን ያጣል፤ የተነገረው ግን ልጁን በጎኑ አስተኝቶ፥ የሚጎዳውን ነገር ከአጠገቡ አርቆ፥ በአፉም ምንም ሳይጨምር እስኪነቃ ይጠብቀዋል።

ሁለተኛም በቤት የሆነውን ለውጥ ይናገር። አዲስ ሕፃን ሲወለድ፥ አያት ሲሞት፥ አባት ለሥራ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ፥ ባልና ሚስት ሲለያዩ የልጁ ጠባይ ይለወጣል። ቀድሞ ደፋር የነበረው ይፈራል፤ ቀድሞ ሽንቱን የሚናገረው በልብሱ ይሸናል። ምክንያቱን ያወቀ መምህር ይታገሠዋል፤ ያላወቀው ይቈጣዋል። የቤት ምስጢር ሁሉ ይነገር ማለት አይደለም፤ «በቤታችን ኀዘን አለ፥ ልጁን ይታገሡልኝ» ማለት ብቻ ይበቃል።

ሦስተኛም በቤት የሚነገረው ቋንቋ ከትምህርት ቤቱ ቋንቋ የተለየ እንደ ሆነ፥ ልጁን ወደ ቤት የሚወስደው ማን እንደ ሆነ፥ ቁርስ ሳይበላም የሚመጣበት ቀን ካለ ይህን ሁሉ ማስታወቅ ይገባል።

መምህር ለወላጅ ሊነግረው የሚገባ

መምህር ወላጅን የሚጠራው ልጁ ባጠፋ ቀን ብቻ ከሆነ፥ ወላጅ የመምህሩን ጥሪ እንደ ክስ መጥሪያ ይፈራዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ስለ ልጁ መልካም ነገር ሊነግር ይገባል። መልካሙም ነገር «ጎበዝ ነው» እንደሚባለው ለሁሉ የሚስማማ ቃል ሳይሆን ታይቶ የተገኘ ይሁን፤ «ዛሬ ለወደቀው ጓደኛው እጁን ሰጥቶ አነሣው» ወይም «እስከ ሃያ ቈጠረ» ማለት ነው። እናት ይህን ስትሰማ መምህሩ ልጅዋን ለይቶ እንደሚያውቀው ትረዳለች፤ ከዚያ በኋላ የሚከብደውን ቃል ብትሰማም አትሸሽም።

ልጁ በትምህርት ቤት ወድቆ ቢጎዳ ወይም ቢያመው መምህሩ በዚያው ቀን በራሱ አፍ ይናገር። እናት የልጅዋን ቁስል ማታ ልብሱን ስታወልቅ ብታገኘው፥ መምህሩ በደል ባይኖርበትም እንኳ እምነቷ ይፈርሳል። ስለ ልጁ ድካም ሲናገርም ያየውን ይናገር እንጂ አይፍረድ። «ሰነፍ ነው» ከማለት «ሰሌዳው ላይ ያለውን ለማየት ዓይኑን ያጠባል» ማለት ይሻላል፤ የመጀመሪያው ቃል እናትን ያሳፍራታል፤ ሁለተኛው ግን ምን ማድረግ እንዳለባት ያመለክታታል። ከጎረቤትም ልጅ ጋር አያወዳድር፤ ሰው በተሰበሰበበትም አይናገር።

ስለ አነጋገሩ ሥርዓት

ከሁሉ አስቀድሞ ሕፃኑ ራሱ ወይም እርሱን የምታመላልሰው ትንሽ እኅቱ የከባድ ነገር መልእክተኛ አይሁኑ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እንደሚባለው፥ በልጅ አፍ የተላከ ነገር ጎድሎ ወይም ተለውጦ ይደርሳል። ወረቀት መላክ ቢያስፈልግ ማንበብ የማይችል ወላጅ እንዳያፍር መታሰብ አለበት፤ ስልክ ባለበት ቤት በስልክ፥ በሌለበትም ፊት ለፊት መናገር ይሻላል።

ጊዜውም ይመረጥ። በአጨዳና በውቂያ ወራት ገበሬን ከአውድማ መጥራት ሥራን ማስፈታት ነው፤ ቢቀርም ልጁን አይወድም አይባልም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፥ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፥ በገበያም ቀን በመንገድ የሚገኝ ጥቂት ጊዜ ከረጅም ስብሰባ ይበልጣል። አባት ብቻ ይምጣ አይባል፤ ልጁን የምታሳድገው እናቱ ወይም አያቱ ከሆነች ነገሩን የምታውቀው እርስዋ ናትና።

ከዚህም ጋር ንግግሩ በልጁ ላይ ዱላ እንዳያመጣ መጠንቀቅ ይገባል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃን በትምህርት ቤትና ሕፃናትን በሚያሳድጉ ተቋሞች ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆን ደንግጓል። ስለዚህ «ቀጥተው ያስተምሩልኝ» የሚለው የቀድሞ አደራ ዛሬ «አይተው ያስተምሩልኝ» በሚለው ሊተካ ይገባል። መምህሩ ሳይመታ ወሬውን ወደ ቤት ልኮ አባት ቢደበድበው፥ ዱላው እጅ ለወጠ እንጂ አልቀረም። ስለዚህ መምህሩ ጥፋትን ሲናገር «እኔ ይህን አደርጋለሁ፤ እናንተም በቤት ይህን ብታደርጉ» ብሎ ከመፍትሔው ጋር ይናገር። ዱላን የሚፈራ ልጅ ለመምህሩም ለወላጁም አይናገርምና፥ የሚነገር ነገር ሁሉ ከምንጩ ይደርቃል።

ስለ ሽማግሌዎች ድርሻ

ማንበብ የሚችሉ ሽማግሌዎች በዚህ ነገር ብዙ ሊረዱ ይችላሉ። የትምህርት ቤቱን ወረቀት ለጎረቤት ያነባሉ፤ ከሌላ ስፍራ የመጣውን መምህር በማኅበርና በእድር ከሰው ጋር ያስተዋውቃሉ፤ ወላጅና መምህር የተቀያየሙ እንደ ሆነ ያስታርቃሉ። የወላጅ፥ ተማሪና መምህር ኅብረት በሚሰበሰብበትም ጊዜ ንግግሩ ስለ አጥርና ስለ መዋጮ ብቻ ሆኖ እንዳያልቅ፥ የታናናሾቹ ሕፃናት ነገር አስቀድሞ እንዲነሣ ያድርጉ።

ለመጀመርም ብዙ ድካም አያስፈልግም። ትምህርት በሚከፈትበት ወር መምህሩ እያንዳንዱን ወላጅ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ልጁን ምን ያመዋል? ምን ያስፈራዋል? ምን ደስ ይለዋል? መልሱንም በመዝገብ ይጻፍ። ከዚያም በየወሩ አንድ ጊዜ፥ ክፉ ነገር ሳይጠብቅ፥ ስለ ልጁ አንድ ያየውን መልካም ነገር ለወላጁ ይንገር። ወላጅም መምህሩን ባገኘው ጊዜ «ልጄ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅን አይተው። በምሳሌው ያለችው እናት «መቼ ጠየቁኝ?» ያለችው እውነትዋን ነው፤ መምህርቱም መልሳ ብትጠይቃት የእናትየው መልስ ያው ነበር።