እንሰትና ጫት በቡታጅራ አካባቢ፤ ዕፀ መድኃኒት፥ ጸሎትና ገበያ

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቡታጅራ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው የሚገበያዩባት ከተማ ናት። በዙሪያዋ ባለው የጉራጌ አገር ሁለት ተክሎች ከመብልነትና ከሸቀጥነት ያለፈ ግብር አላቸው፤ እነርሱም እንሰትና ጫት ናቸው። የሁለቱ ዕድል ግን አንድ አልሆነም።

እንሰት ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ዓይነቱ ብዙ ነው። ገበሬው ለቆጮ፥ ለቃጫና ለመድኃኒት የሚሻለውን በየስሙ ለይቶ ያውቃል። በመድኃኒትነት ስማቸው ከሚነሣው መካከል አስታራና ጓርየ ይገኙበታል፤ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው የእንዲህ ያለው እንሰት አሚቾ ተቀቅሎ ይሰጠዋል። ይህ ዕውቀት የሃይማኖትን ለውጥ ተሻግሮአል፤ የዋቅና የቦዠ አምልኮ ስፍራውን ለእስልምናና ለክርስትና ሲለቅ፥ የወጌሻው እጅና የጓሮው እንሰት በሁለቱም ወገን ቤት ሥራቸውን አላቋረጡም።

ጫት ደግሞ በሙስሊሙ ዘንድ የዱዓ ባልንጀራ ነው። ዶክተር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ 10,468 አዋቂዎችን ጠይቀው በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፥ ከተጠያቂዎቹ ግማሹ ጫት ቃሚዎች ሆነው ተገኙ፤ ከቃሚዎቹም 80 ከመቶው ጫት የሚቅሙት በጸሎት ጊዜ ልቡናቸውን ለመሰብሰብ መሆኑን ተናግረዋል።

ሁለቱን ተክሎች የለያያቸው ገበያ ነው። እንሰት ለመብል እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ጫት ግን አንድ ጊዜ ከጸና በኋላ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ይቀነጠሳል፥ ወዲያውም ገንዘብ ይሆናል። የእርሻው ይዞታ ለልጆች እየተከፋፈለ ሲጠብ፥ ገበሬው ቤተ ሰቡን የሚመግበውን እንሰት ቢያስቀርም፥ ምናልባት አጥንት የተሰበረ ዕለት ብቻ ለሚፈለገው ዓይነት ቦታ መስጠት ይከብደዋል።

ጉዳቱን የሚያብሰው የእንሰት አተካከል ነው። ገበሬው እንሰትን የሚያራባው በዘር አይደለም፤ አሚቾውን ቀብሮ የሚያቈጠቍጠውን ችግኝ እየነቀለ ይተክላል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ከመንደር ሁሉ ከጠፋ፥ ከጎተራ አውጥቶ እንደ ገና መዝራት አይቻልም።

እንግዲህ የባህል መድኃኒት የሚዳከመው እምነት በመጉደሉ ብቻ ነው ማለት አይበቃም። የጸሎቱ ዕፅ ገዢ ስላለው ጸንቶአል፤ የመድኃኒቱ እንሰት ግን ያለ ገዢ የሚኖር የጎረቤት መረዳጃ ነው። የዓይነቶቹን ስምና ጥቅም መመዝገብ ተገቢ ሥራ ቢሆንም፥ ተክሉ በጓሮ ካልቆየ መዝገቡ ለተሰበረ አጥንት አይበጅም።