የእጅ ዋጋ የማን ዕዳ ነው?

በጅቡቲ ከተማ ማዕከላዊ ገበያ ረፋዱ ካለፈ በኋላ ገዢውም ሻጩም ጥላ ይሻል። በገበያው ዳር የሚታየው የሐሙዲ መስጊድ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1906 ዓ.ም. የተሠራ ነው፤ በአጠገቡ ያለው ሰፊ ስፍራ ዛሬ የማሕሙድ ሐርቢ አደባባይ ይባላል፤ ቀድሞ ግን በፈረንሳዊው ባለቅኔ በራምቦ ስም ይጠራ ነበር። ሚኒባሶች ከዚህ ይነሣሉ፤ አረንጓዴና ነጭ ቀለም የተቀቡ ታክሲዎችም እዚህ ይጋፋሉ። ሶማልኛ፣ ዐፋርኛ፣ ዐረብኛና ፈረንሳይኛ በሚሰማበት በዚህ ገበያ አማርኛም እንግዳ አይደለም። በመደቡ ላይ ከሚደረደረው ሽንኩርትና ቲማቲም ብዙው ከኢትዮጵያ የሚመጣ ነውና፣ ሸቀጡን ተከትሎ ቋንቋውም ይመጣል።

እኛም የሄድነው ስለ አትክልቱ ንግድ ልንጽፍ ነበር። ሐሳባችንን ያስለወጠን በአንድ የሽንኩርት መደብ ላይ፣ ከሚዛኑ ሥር ተጣጥፋ ያየናት አንዲት ወረቀት ናት።

ወረቀቲቱ የአንዲት የድሬዳዋ ተወላጅ ወይዘሮ ንብረት ናት። ወይዘሮዋ በገበያው አትክልት ይነግዳሉ፤ ሸቀጣቸውን የሚያመላልሱባት አንዲት አሮጌ ፒክ አፕ መኪና አለቻቸው። ስንገናኝ መኪናዪቱ ሥራ ካቆመች ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛ ነበር። በጅቡቲ ሙቀት ቲማቲም ብዙ አይታገሥምና፣ ወይዘሮዋ በየማለዳው ለኪራይ መኪና ይከፍላሉ፤ ለዚህም የሚያወጡት ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ካስቀመጡት ገንዘብ ነበር። «ዋስትና አላት ብለው ሸጡልኝ፤ ዋስትናውንም ለብቻው ከፍዬ ነው የገዛሁት። አሁን ግን ዋሱ የት ገባ?» ሲሉ ጠየቁን።

በአገራችን የቈየ ልማድ ዋስ ማለት ሰው ነው። «ዋስ ጥራ» የተባለ ሰው የዘመዱን ወይም የጎረቤቱን ስም ይጠራል፤ ባለ ዕዳው ቢጠፋ ዋሱ ከራሱ ኪስ ይከፍላል፤ ቤቱ ይታወቃል፤ ፊቱም ይታወቃል። የመኪና ዋስትና ግን ወረቀት ነው፤ ከተጻፈበት በላይ አንዲት ሳንቲም አይከፍልም። ይህም ዋስትና ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፋብሪካው ለአዲስ መኪና ከሽያጩ ዋጋ ጋር አጠቃሎ የሚሰጠው ሲሆን፣ በዓመትና በኪሎ ሜትር የተወሰነ ነው፤ «ሦስት ዓመት ወይም 100,000 ኪሎ ሜትር፣ ከሁለቱ ቀድሞ እስከሚደርሰው» የሚል ቃል በብዙ ፋብሪካዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ሁለተኛው ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ ወይም መኪናው አሮጌ ሆኖ ሲሸጥ፣ ገዢው ለብቻው ከፍሎ የሚገባበት ውል ነው። የተራዘመ ዋስትና የሚባለው ይህ ነው። ስሙ ዋስትና ይሁን እንጂ ጠባዩ ወደ ኢንሹራንስ ይቀርባል፤ ሻጩ አስቀድሞ ገንዘብ ይቀበላል፤ በኋላም ያነሰ በከፈለ መጠን ያተርፋል።

የወይዘሮዋ ወረቀት በራስጌዋ በትልልቅ ፊደል፣ በፈረንሳይኛ፣ «ጋራንቲ ፒየስ ኤ ማን ዴቭር» ይላል። ፍቺው «የመለዋወጫና የእጅ ዋጋ ዋስትና» ማለት ነው። አማርኛን በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን «የእጅ ዋጋ» የሚለውን ቃል ልብ ቢሉት ይጠቅማቸዋል፤ በአዲስ አበባም ሆነ በድሬዳዋ ጋራዥ ሒሳብ ሲጠየቅ ከመለዋወጫው ዋጋ ተለይቶ የሚነገረው የሠራተኛው ድካም ክፍያ ይህ ነው። ፈረንሳዮችም «ማን» ብለው የሚጠሩት እጅን ስለ ሆነ፣ ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ በአንድ አካል ላይ ተገናኝተዋል።

እንግዲህ ራስጌው እንዲህ ካለ ወይዘሮዋ ስለ ምን ተቸገሩ? መልሱን ለማግኘት ከገበያው ወጥተን መኪናዪቱ ወዳለችበት ጋራዥ ሄድን። መካኒኩ በዕድሜ የገፉ፣ በድሬዳዋ ሥራ የተማሩ ሰው ናቸው፤ ወይዘሮዋ «ጋሼ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም «እኅቴ» ብለው ይመልሳሉ። የተበላሸው ምን እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው በመዳፋቸው ላይ አንዲት የጎማ ቀለበት አስቀምጠው አሳዩን። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ዘይት እንዳያፈስ የምታግድ ቀለበት ናት። ዋጋዋ ከአንድ ምሳ ብዙም አይርቅም። ዳሩ ግን ወደ እርሷ ለመድረስ ካምቢዮው መውረድ አለበት፤ ፍሪሲዮኑም መፈታት አለበት፤ ከዚያም ሁሉም እንደ ነበረ መመለስ አለበት።

ነገሩ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገርና በጎረቤቶቻችን ዘንድ መለዋወጫ ውድ፣ እጅ ርካሽ ነው ብለን ስለ ለመድን፣ ዋስትና ስንገዛ የምንጠይቀው ስለ መለዋወጫ ብቻ ነው። ይሁንና ብዙ ብልሽት እንደዚህች ቀለበት ነው፤ ዕቃው ጥቂት፣ ድካሙ ብዙ።

በወረቀቲቱ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አብረን አነበብን። ኩባንያው የእጅ ዋጋ የሚከፍለው መካኒኩ በሠራበት ሰዓት ልክ አይደለም፤ «በመጽሐፉ» ሰዓት ልክ ነው። ይህም መጽሐፍ ለየመኪናው ዓይነትና ለየሥራው ስንት ሰዓት እንደሚበቃ የሚዘረዝር ሰንጠረዥ ነው፤ ፋብሪካዎችም ሌሎች አሳታሚዎችም ያዘጋጁታል፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ጋራዦች ዘንድ የታወቀ ነው። ካምቢዮ አውርዶ ያችን ቀለበት ለመለወጥ መጽሐፉ 5 ሰዓት ፈቅዷል። የባሕሩ ጨው ብሎኖቹን አዝጎ ስላጣበቃቸው ግን ሥራው 9 ሰዓት ፈጀ። «መጽሐፉን የጻፈው ሰው ንጹሕ መኪና በጥላ ሥር ፈትቶ ይሆናል፤ የጅቡቲን ባሕር አላየም» አሉ መካኒኩ። ይህን ሲሉ አልሣቁም።

ቀጥሎም ውሉ ለአንድ ሰዓት የሚከፈለውን ወስኗል። ቍጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግተናቸዋል። ኩባንያው ለሰዓት ከ3,000 የጅቡቲ ፍራንክ በላይ አይከፍልም፤ ጋራዡ ግን 4,000 ይጠይቃል። ከዚህም ሌላ ዘይቱ ከየት እንደሚፈስ ለማወቅ 2 ሰዓት ፍለጋ ተደርጓል፤ ውሉ የፍለጋን ድካም ፈጽሞ አይከፍልም። ስለዚህ የጋራዡ የእጅ ሒሳብ በ11 ሰዓት 44,000 ፍራንክ ሲሆን፣ ኩባንያው የከፈለው 15,000 ብቻ ነው። የቀረው 29,000 በወይዘሮዋ ላይ ወደቀ፤ አንድ ዶላር በ177.7 ፍራንክ ግድም ስለሚመነዘር ይህ ከ160 ዶላር በላይ ነው። ከመጽሐፉ ያለፈው ሰዓት 12,000፣ የሰዓቱ ዋጋ ልዩነት 9,000፣ ፍለጋው 8,000። የቀለበቲቱን 2,500 ፍራንክ ግን ኩባንያው አንድም ሳያጐድል ከፍሏል!

ስለ ሦስቱ ሳምንታትም መናገር ይገባል። ኩባንያው ሳይፈቅድ የተጀመረ ሥራ አይከፈልም የሚል ቃል በውሉ አለ፤ እንዲህ ያለው ቃል በአብዛኞቹ የተራዘሙ ዋስትናዎች ይገኛል። ስለዚህ መካኒኩ ፈቃዱ እስኪመጣ እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ። ከዚህ የከፋ ዕጣም ነበረ፤ ሞተሩ ከተከፈተ በኋላ የብልሽቱ ምክንያት ከውሉ ውጭ ሆኖ ቢገኝ ኖሮ፣ የመክፈቻውም የመዝጊያውም ድካም በሙሉ የባለቤቲቱ ዕዳ ይሆን ነበር። የእጅ ዋጋ የመለዋወጫው ተከታይ ነውና፤ ዕቃው ካልተሸፈነ እጁም አይሸፈንም።

ወይዘሮዋ ግን አንድ ብልሃት አላጡም። ዘይት የነካው የፍሪሲዮን ሸራ በአገልግሎት የሚያልቅ ዕቃ ተብሎ በውሉ አልተሸፈነም። ቢሆንም ካምቢዮው ወርዶ ሳለ በራሳቸው ገንዘብ አዲስ ሸራ አስገቡ፤ ለዕቃው ከፈሉ እንጂ ለእጅ ሁለተኛ አልከፈሉም። ሸራውን ለሌላ ጊዜ ቢያቈዩት ኖሮ ያንኑ ካምቢዮ ለማውረድ እንደ ገና ሙሉ ሒሳብ በጠበቃቸው ነበር።

ይህ ጠብ የጅቡቲ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1975 ዓ.ም. የወጣው የዋስትና ሕግ፣ በጽሑፍ የሚሰጥ ዋስትና «ሙሉ» ወይም «የተወሰነ» የሚል ስም በራስጌው እንዲይዝ አዟል። ሙሉ የተባለው ዕቃውን ያለ ምንም ክፍያ ማደስ አለበት፤ የተወሰነ የተባለው ግን መለዋወጫውን ብቻ ሰጥቶ የእጁን ዋጋ ለገዢው ሊተው ይችላል። ለብቻው ተከፍሎበት የሚገዛውን የተራዘመ ውል ደግሞ ሕጉ «የአገልግሎት ውል» ብሎ ከዋስትና ለይቶታል። ፋብሪካዎችና መኪና ሻጮች ራሳቸው በሰዓቱ መጽሐፍ ይከራከራሉ፤ የኢሊኖይ ግዛት በ2021 ያወጣው ሕግ ፋብሪካዎች ለዋስትና ሥራ የሚከፍሉት ሰዓት በራሳቸው ሰንጠረዥ ብቻ እንዳይወሰን ለማድረግ የታሰበ ነበር። ባለ ሙያ ነጋዴዎች እንዲህ ከተሟገቱበት፣ አንዲት የሽንኩርት ነጋዴ ግራ ቢገባቸው ምን ያስደንቃል?

በኢትዮጵያ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጕድለት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ይህ ከሕግ የሚመነጭ ኃላፊነት ነው፤ ገንዘብ ተከፍሎበት የሚራዘመው ዋስትና ግን ከውሉ ቃል ብቻ ይመነጫል፤ ስለዚህ ቃሉን ማንበብ ግድ ነው። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በ2016 ዓ.ም. ከተገለጸ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በአዲስ አበባ በዝቷል፤ ለባትሪው የ8 ዓመት ዋስትና መስጠትም በብዙ ፋብሪካዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ነገር ግን ያን ከባድ ባትሪ ከመኪናው ሆድ አውርዶ የሚፈትሸው እጅ ልዩ ትምህርት ይፈልጋል። ገዢው «ባትሪው ስንት ዓመት?» ብሎ ሲጠይቅ እንሰማለን፤ «የሚያወርደውስ ማን ነው፣ በሰዓት ስንት፣ የሚከፍለውስ ማን?» ሲል የሰማነው ግን ጥቂት ነው።

ወደ ጋራዡ እንመለስ። መኪናዪቱ በተነሣችበት ዕለት ወይዘሮዋ ሒሳቡን ከፍለው ሲያበቁ፣ «ጋሼ፣ የእርስዎስ እጅ ዋስትና አለው?» ብለው ጠየቁ። መካኒኩ ጥቂት አሰቡና የደረሰኙን ጀርባ ገልብጠው፣ በሦስት ወር ውስጥ ከዚያው ስፍራ ዘይት ቢፈስ የእጅ ዋጋ ሳይጠይቁ እንደሚሠሩ በአማርኛ ጻፉ፤ ፈረሙም። ወይዘሮዋ ጽሑፉን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያም ደረሰኙን ከፈረንሳይኛው ወረቀት ጋር አጥፈው፣ ቀለበቲቱንም በፌስታል ጠቅልለው፣ ቲማቲማቸውን ሊጭኑ ወደ ገበያው ነዱ።