በሊኑክስ ዴስክቶፕ የይለፍ ቃል መለጠፍ ለምን ይከሽፋል?

ከይለፍ ቃል ማስቀመጫ ፕሮግራም የተቀዳ ረጅም የይለፍ ቃል በሊኑክስ ዴስክቶፕ ላይ ሲለጠፍ አንዳንድ ጊዜ «ትክክል አይደለም» የሚል መልስ ያስከትላል። የገባው ጽሑፍ ስለማይታይ ተጠቃሚው የተሳሳተው ቃሉ ይሁን አለጣጠፉ መለየት አይችልም።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በተርሚናል ነው። በሌሎች ፕሮግራሞች የሚለጥፈው ኮንትሮል ቪ እዚህ ትርጉሙ ሌላ ነው፤ «ቀጥሎ የሚመጣውን ቁልፍ እንደ ተራ ፊደል ተቀበል» የሚል የቆየ የዩኒክስ ትእዛዝ ነው። ተጠቃሚው ኮንትሮል ቪን ተጭኖ ኢንተርን ሲያስከትል ኢንተር ራሱ የይለፍ ቃሉ አካል ይሆናል፤ መጠየቂያውም የደረቀ ይመስላል። በአብዛኞቹ ተርሚናሎች መለጠፊያው ኮንትሮል ሺፍት ቪ ነው። ሱዱ በተለመደው አሠራሩ 3 ሙከራ ብቻ ይፈቅዳል፤ ፋይሎክ የተባለው የፓም ሞጁል በነባሪ ቅንብሩ ሲሠራ ደግሞ ከ3 ስህተት በኋላ መለያው ለ10 ደቂቃ ይቆለፋል።

ሌላው ምክንያት የክሊፕቦርዱ ባሕርይ ነው። በኤክስ 11 ክሊፕቦርድ ማከማቻ አይደለም። ጽሑፉ በቀዳው ፕሮግራም እጅ ይቆያል፤ ይዞ የሚያቆይ ሌላ ፕሮግራም ከሌለ የቀዳው ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። በመዳፊት የተመረጠና በትእዛዝ የተቀዳ ጽሑፍም የሚያዙት ለየብቻ ነው። በዚህ ላይ ኪፓስኤክስሲ የቀዳውን በነባሪው ከ10 ሰከንድ በኋላ፣ ፓስ ደግሞ ከ45 ሰከንድ በኋላ ያጸዳል።

በግኖም ዴስክቶፕ የማረጋገጫ ሳጥን ሲከፈት ከሳጥኑ ውጭ ያለውን ሁሉ ያግዳል፤ ቃሉን አስቀድሞ ያልቀዳ ሰው ሰርዞ እንደገና መጀመር ግድ ይሆንበታል። ለእገዳው በቂ ምክንያት አለ፤ በኤክስ 11 ማንኛውም ፕሮግራም የሌላውን የቁልፍ ምት ማድመጥ ይችላልና። ይሁን እንጂ መለጠፍ ሲያስቸግር ሰው የሚሸሸው በቃል ወደሚያዝ አጭር የይለፍ ቃል ነው። የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መለጠፍ እንዲፈቀድ የመከረውም ተጠቃሚዎች የይለፍ ቃል ማስቀመጫን እንዲጠቀሙ ለማመቻቸት ነው።

ስለዚህ ለትችት የሚዳርገው ከእገዳው ይልቅ የመጠየቂያው ዝምታ ነው። ሱዱ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ኮከብ የሚያሳይ አማራጭ አለው። የቃሉን ርዝመት ለተመልካች ማጋለጡ እውነት ነው፤ ነገር ግን 20 ፊደል ለጥፎ አንድ ኮከብ ብቻ ያየ ሰው የከሸፈው አለጣጠፉ መሆኑን ኢንተርን ሳይጫን ያውቃል።