ሸማቹን የሚጠብቀውን ማን ይጠይቀው?

በደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር ቆሞ የሚያስተውል ሰው ሁለት ተቃራኒ ጉዞዎችን ያያል። ከጎዛምን፣ ከአነደድና ከደባይ ጥላት ግን የሚሰበሰበው ጤፍና ስንዴ ወደ ደጀን ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ ይነጉዳል። ስኳሩ፣ ዘይቱና ሳሙናው ደግሞ ያንኑ በረሃ አቋርጦ ወደ ደጋው ይወጣል። የከተማው ነዋሪ የሁለቱም ጉዞ ወጪ ከፋይ ነው። ጤፉ በደጁ ቢበቅልም ዋጋው የሚቆረጠው በአዲስ አበባው እህል በረንዳ ነው፤ የዘይቱን ዋጋ ደግሞ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ እንኳ አያውቀውም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተከሰተው ግጭት መንገዱ በተደጋጋሚ ሲዘጋና ሲከፈት ደግሞ ይህ አለማወቅ ይበልጥ ከብዶበታል።

በሻጭና በሸማች መካከል ያለው ቅራኔ መሠረቱ እዚህ ላይ ነው። ሻጩ በመጋዘን ያለውን፣ የገዛበትን ዋጋና የሚዛኑን ምስጢር ያውቃል። ሸማቹ የሚያውቀው በኪሱ ያለውን ብቻ ነው። በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሠራተኛ ብቻውን ቆሞ ይህን ልዩነት ሊያስተካክል አይችልም። ስለሆነም መንግሥት ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ ሸማቹን የሚጠብቅ አካል ያቋቁማል። ጥያቄው ግን በዚህ አያበቃም፤ ዋናው ጥያቄ እንዲያውም ከዚህ በኋላ ነው የሚጀምረው። ጠባቂው ሥራውን ስለ መሥራቱ የሚጠይቀው ማን ነው?

የጎጃም ሕዝብ ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። በደርግ ዘመን በጎጃምና በአርሲ የግል እህል ንግድ ተከልክሎ፣ ገበሬው ኮታውን በተወሰነ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር፤ ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም. ነው። በከተማ ደግሞ የቀበሌ ኅብረት ሱቅ ስኳርና ጨው፣ ሳሙናና እህል በተመን ያከፋፍል ነበር። ተመኑ በግድግዳ ላይ ተጽፎ ይነበባል፤ ዕቃው ግን ብዙ ጊዜ በመደርደሪያው ላይ የለም። ያን ዘመን የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች ስለ ወረፋው ብቻ ሳይሆን በጓሮ በር ስለሚወጣው ስኳርም ያወራሉ። የዋጋ ተመን መኖሩ ብቻውን ሸማቹን አልጠበቀውም፤ ሱቁን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ስለ ወጪና ገቢው በይፋ መጠየቅ ነበረባቸው።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ተቋማት ታሪክ አጭር ቢሆንም አስተማሪ ነው። በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 329 የንግድ አሠራር ኮሚሽን ተቋቋመ። በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 685 የንግድ አሠራርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣንን ፈጠረ። ወዲያው በ2003 ዓ.ም. ንግድ ሚኒስቴር በስኳር፣ በዘይት፣ በሥጋ፣ በቢራና በሌሎችም ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ፤ ዕቃዎቹ ከገበያ እየራቁ ሲሄዱ ጣሪያው ዓመት እንኳ ሳይሞላው ከአብዛኞቹ ላይ ተነሣ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 813 ወጥቶ ባለሥልጣኑን በአዲስ መልክ አቋቋመው።

ይህ አዋጅ ለሸማቹ የሰጠው መብት በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ ለደረሰበት ጉዳት የመካስ መብት አለው። የዕቃውን ጥራት ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም፤ በነጋዴ ከመሰደብና ከመዋረድም ይጠበቃል። ዋጋ ጠይቆ ሳይገዛ በመሄዱ ከኋላው የተሰደበ ሰው ሁሉ ይህ በአዋጅ የተጻፈለት መብቱ መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ የአቤቱታ መዝገቡ ስንት ጥራዝ በሆነ!

መብቱ እንዲህ ሰፊ ሆኖ ሳለ ባለሥልጣኑ ተጠሪነቱ ለንግድ ሚኒስቴር ነበር። ሚኒስቴሩ የንግዱ መሪ ነው፤ ንግዱን ሲመራ ለሚያጠፋው ጥፋት የሚታዘበው አካል ደግሞ በራሱ ሥር ነበር ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. የአስፈጻሚ አካላትን ሥልጣንና ተግባር የወሰነው አዋጅ ቁጥር 1263 ሲወጣ ባለሥልጣኑ እንደ ተቋም ቀርቶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተጠቃለለ። የመሥሪያ ቤቶችን ቁጥር መቀነስ ወጪን ይቆጥብ ይሆናል። ነገር ግን የራሱ ኃላፊ፣ የራሱ በጀትና የራሱ ሪፖርት ይዞ በሕዝብ እንደራሴዎች ፊት ሊቆም የሚገባው የሸማቾች ጠባቂ፣ በአንድ ግዙፍ ሚኒስቴር ሪፖርት ውስጥ አንድ ምዕራፍ ሆኖ ቀረ። ይህ ጸሐፊ እንደሚያምነው የጠፋው ሕንፃና ማኅተም ብቻ አይደለም፤ የሚጠየቅ ሰው ነው የጠፋው።

ይህም ሆኖ የመጠየቂያው መሣሪያ አልጠፋም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌዴራል ባለሥልጣኖችን ጠርቶ የመጠየቅና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን እንዳለው ይደነግጋል። በአንቀጽ 101 የተቋቋመው ዋና ኦዲተርም ሒሳብ ብቻ ሳይሆን የክዋኔ ኦዲትም ያደርጋል፤ ገንዘቡ በሥርዓት ወጥቷል ከማለት አልፎ፣ የወጣው ገንዘብ የታሰበለትን ሥራ ሠርቷል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጉድለቱ ያለው በጥያቄው ዓይነት ላይ ነው። ይህን ያህል ሰው ግንዛቤ አገኘ፣ ይህን ያህል ሱቅ ታሸገ የሚል ሪፖርት ቀርቦ በጭብጨባ ከታለፈ ቁጥጥር ተደርጓል ለማለት አይቻልም። የታሸገ ሱቅ ብዛት የዘይትን ዋጋ አያወርድም። እንደራሴው መጠየቅ ያለበት ስንት አቤቱታ ቀረበ፣ ስንቱ ውሳኔ አገኘ፣ በስንት ቀን፣ ስንት ብር ለሸማቹ ተመለሰ፣ በዓመት ስንት ሚዛን ተፈተሸ የሚለውን ነው። ኃላፊው በምን መመዘኛ ተሾመ የሚለውም አብሮ ይነሣ።

ይህ ሁሉ ለደብረ ማርቆስ ነዋሪ ምን ይፈይዳል? ለአንድ ሊትር ዘይት ዓባይን ተሻግሮ የሚከስ ሰው የለም። ሕንድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 ባወጣችው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ በየአውራጃው የሸማቾች አቤቱታ ሰሚ መድረክ እንዲቋቋም የወሰነችው ይህን ተገንዝባ ነው። የእኛም አዋጅ ቁጥር 813 ክልሎች የሸማቾችን አቤቱታ ሰምቶ የሚዳኝ አካል እንዲያቋቁሙ በር ከፍቷል። በዚያ በር ምን ያህል እንደተገባበት የክልሉንና የከተማውን ምክር ቤት አባላት መጠየቅ የቀበሌው ነዋሪ ድርሻ ነው። መንግሥት የደጎመው ዘይትና ስኳር በሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ሲከፋፈልም እንዲሁ ነው። ማኅበሩ የአባላቱ ነው፤ ድጎማው ግን የሁሉም ነው። በመሆኑም የገባውና የወጣው ዕቃ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት መነበብ አለበት፤ ተቆጣጣሪ ኮሚቴውም ፊርማ ከማኖር በፊት መጋዘኑን ገብቶ ይቁጠር።

ምክር ቤቱ ሥራውን ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 ያካሂዳል፤ በመካከሉም የአንድ ወር እረፍት አለው። እንደራሴው ወደ መራጮቹ ሲመለስ የቀበሌው አዳራሽ ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃና ስለ ሰላም በሚነሡ ጥያቄዎች ይሞላል፤ የሚገባም ነው። ከእነዚያ ጎን፣ በእጇ ሁለት ደረሰኝ የያዘች አንዲት እናት ተነሥታ፣ ባለፈው ወርና በዚህ ወር ለአንድ ዓይነት ሳሙና የከፈለችውን አነጻጽራ ብታሳየው፣ ያንን ደረሰኝ ይዞ በቋሚ ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ያኑረው።