ዓሣ ከሐይቁ ዳር እስከ ድስት

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ የምትኖሩ ገበሬዎች ሆይ! ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ገንቢ ምግብ መሆናቸውን ታውቃላችሁ። የተበላሸ ምግብ እንደሚያሳምምም ታውቃላችሁ። ነገር ግን ዕውቀት ወደ ገበያና ወደ ማድቤት ካልገባ ከበሽታ አያድንም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ዓ.ም. ባወጣው ግምት በዓለም በየዓመቱ 420,000 ሰዎች በተበከለ ምግብ ይሞታሉ፤ ከእነዚህም 125,000 የሚሆኑት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው።

ችግሩ ከምን ይነሣል?

የዓሣ ገበያ የሚደራው በዐቢይ ጾም፣ ፀሐይ በምትበረታበት ወራት ነው። ማታ የተጣለ መረብ ጧት ስለሚወጣ፣ ዓሣው ለገበያ ሲቀርብ ከሞተ ብዙ ሰዓት ሊሆነው ይችላል። በዓይን የማይታዩ ጀርሞች ሙቀት ሲመቻቸው በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናሉ። በዚህ ስሌት አንድ ጀርም በ7 ሰዓት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ይሆናል።

ስትገዙ

1ኛ/ በጧት ግዙ። ዓሣው መቼ እንደ ወጣና የት እንደ ቆየ ጠይቁ፤ ዋጋ ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ።

2ኛ/ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት የሚመለስ ይሁን።

3ኛ/ ሆድ ዕቃው በሐይቁ ዳር ውሃ የታጠበ ዓሣ ንጹሕ ነው አትበሉ። ከከተማ የሚወርደው ፍሳሽ ወደዚያው ይገባልና በቤታችሁ በንጹሕ ውሃ እንደገና እጠቡት።

4ኛ/ በንጹሕ ዕቃ ሸፍናችሁ በጥላ ይዛችሁ ቶሎ ወደ ቤት ግቡ።

በማድቤት

ብዙ ቤት ያለው አንድ ቢላዋና አንድ መክተፊያ ነው። ዓሣ የተቆረጠበት ቢላዋ ሳይታጠብ ለሰላጣ የሚሆነውን ቲማቲምና ሽንኩርት ሲከትፍ፣ ጀርሙ እሳት ወደማያየው ምግብ ይሻገራል። ሁለተኛ ቢላዋ መግዛት ካልቻላችሁ ቅደም ተከተሉን ለውጡ፤ አትክልቱን በፊት፣ ዓሣውን በኋላ ክተፉ። ሲጨርሱም ቢላዋን፣ መክተፊያንና እጅን በሳሙና መታጠብ ነው።

ጥሬ ዓሣ መብላት ይቅር። በጣና ዓሦች ሆድ ዕቃ ውስጥ ወደ ሰው ሊተላለፉ የሚችሉ ትሎች እንዳሉ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ሎሚና ሚጥሚጣ ጣዕም ይሰጣሉ እንጂ ትሉን አይገድሉትም። ዓሣውን እስከ አጥንቱ አብስሉት። የተረፈ ወጥ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይደር፤ ሲበላም እስኪፈላ ይሙቅ።

ሕፃን ተቅማጥ ከያዘው ኦ.አር.ኤስ. በመመሪያው መሠረት በንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ ስጡት፤ ጡት የሚጠባም ከሆነ ማጥባቱን አታቋርጡ። ደም ከታየ ወይም ሕፃኑ ከደከመ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ለልማት ሠራተኞች

ንግግር ብቻ ልማድን አይለውጥም። ጥሬ ዓሣ ላይ እርድ ነስንሳችሁ ቁረጡ፤ በዚያው ቢላዋ ሳታጥቡት ነጭ ሽንኩርት ክተፉ። በሽንኩርቱ ላይ ቢጫው ሲታይ፣ ጀርምም እንዲሁ መሻገሩን ባለቤቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ይህን ሙከራ ባልና ሚስት አብረው ባሉበት አድርጉት፤ ዓሣውን የሚገዛውም የሚያበስለውም ሊያይ ይገባዋልና።